ዘንዶውን ብርቅ ያደረገው ማን ነው?

እንግዲህ አድምጡኝ። የዛሬው ወሬዬ ስለ ጭራቆች ነው። ልጅ አልተኛ ሲል የሚጠራው ዓይነት ጭራቅ ግን አይደለም። ይኸኛው ቁመቱ ከአውራ ጣት እምብዛም አይበልጥም፤ ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ቻይና ውስጥ ፋብሪካ ላይ በእጅ ቀለም ተቀብቶ ክብ መቆሚያ ላይ ቆሟል። ገበያ ወጥቶ ይሸጣል። ገዢው ግን የትኛውን ጭራቅ እንደገዛ እሽጉን እስኪቀድ ድረስ አያውቅም። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ እቆጥርላችኋለሁ። ጊዜው ሴፕቴምበር 2003፣ አገሩ አሜሪካ ነው። ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ «ሃርቢንጀር» ብሎ የሰየመውን እሽግ ወደ መደብሮች ላከ። ዋጋው ከ10 ዶላር አንድ ሳንቲም የጎደለው፤ ውስጡ 8 ቅርጾች፤ ከስምንቱ 4ቱ ተራ፣ 3ቱ መካከለኛ፣ 1ዱ ብርቅ። በዚያ ዙር የወጡት ዓይነቶች 80 ናቸው። ከሰማንያው የትኞቹ ስምንት እጃችሁ እንደሚገቡ ዕጣ ነው። ቅርጹን ገልብጣችሁ ከመቆሚያው ሥር ብታዩ ማዕረጉ ታትሞበታል፦ ለተራው ክብ፣ ለመካከለኛው ዳይመንድ፣ ለብርቁ ኮከብ።

«ቆይ እንጂ፣ ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል?» የሚል ከመሃላችሁ አይጠፋም። ጥሩ ጠየቅህ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባል ጨዋታ አለ። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንደኛው አጫዋች ነው፤ ታሪኩን ይተርካል፤ ጭራቁን፣ ንጉሡን፣ ሌባውን ሁሉ ወክሎ ይናገራል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ይይዛሉ። ጀግናው ሰይፉን ሲሰነዝር ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወረወራል፤ መታ ወይስ ሳተ የሚለውን ዳይሱ ይፈርዳል። ቅርጾቹ የሚያገለግሉት ማን የት እንደቆመ ለማሳየት ነው። ጠረጴዛው ላይ ባለ አራት ማዕዘን መስመር የተሰመረበት ካርታ ይዘረጋል፤ ጎብሊን ከሚባሉት ትናንሽ ጭራቆች አንዱ በር ላይ፣ ሌላው ከአምዱ ጀርባ ይቆማል። በአጭሩ ዳይስ የገባበት ትረካ ነው።

ጨዋታው የታተመው በ1974 ነው። ደራሲዎቹ ሁለት ናቸው፦ ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን። ጋይጋክስ የሚኖረው ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። በዚያን ጊዜ የጭራቅ ቅርጽ ልግዛ ቢሉ ከየት ይገኛል? የመካከለኛው ዘመን ወታደርና ፈረሰኛ በእርሳስ ተቀርጾ ይሸጣል፤ ጭራቅ ግን ብርቅ ነው። ጋይጋክስ ምን አደረገ? ርካሽ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ በከረጢት የታሸጉ የፕላስቲክ አውሬዎች ገዛ። ሆንግ ኮንግ የተሠሩ ናቸው። የጥንት እንስሳት ነን ይበሉ እንጂ እንዲህ ያለ ፍጡር ምድር ላይ ኖሮ አያውቅም። አንዱ ከጅራቱ ጫፍ የአውሮፕላን ሞተር ላይ የሚሽከረከረውን የሚመስል ነገር በቅሎበታል። ሌላው ግማሽ ወፍ ግማሽ ድብ ነው።

ጋይጋክስ እነዚህን አይቶ ታሪክ ፈጠረላቸው። ባለ እንግዳ ጅራቱ ብረት የሚያዝግ ጭራቅ ሆነ። ሰው አይበላም፤ የነካው ሰይፍና ጥሩር ግን ዝጎ ይረግፋል። ሞትን የማይፈራ ጀግና እንኳ ንብረቱን ይፈራልና ይህን ሲያይ ይሸሻል። ግማሽ ወፉ ጉጉት ድብ ሆነ። ሁለቱም በ1975 «ግሬይሆክ» በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ታተሙ። ሦስተኛው መሬት ሰርስሮ የሚመጣው ቡሌት ሆነ፤ በ1976 «ዘ ድራገን» መጽሔት ሲጀመር በመጀመሪያው ዕትም የጻፈው አዘጋጁ ቲም ካስክ ነው።

ልብ በሉልኝ። አሻንጉሊቱ ቀደመ፣ ታሪኩ ተከተለ። ከረጢቱ ርካሽ፣ ይዘቱ የሚታይ፣ ምርጫውም የተራኪው ነበር። ተራ ወይም ብርቅ የሚባል ማዕረግ የለም። ለማንኛውም ጭራቅ ክብሩን የሰጠው የተነገረለት ታሪክ ነው።

በ1977 የጭራቆች መጽሐፍ ወጣ፤ ከመላው ዓለም ተረትና ከደራሲዎቹ ምናብ የተለቀመ። የእኛም ስም አልቀረ! ሮማዊው ፕሊኒ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ በምዕራብ ኢትዮጵያውያን አገር፣ ብዙዎች የዓባይ ራስ ነው ከሚሉት ምንጭ አጠገብ፣ ካቶብሌፓስ የተባለ አውሬ አለ ይላል። ራሱ ስለሚከብደው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፤ መድፋቱም ለሰው በጀ፤ ዓይኑን ያየ ሁሉ ወዲያው ይሞታልና። በርግጥ ጥንታውያኑ ኢትዮጵያ ሲሉ ዛሬ የምናውቃትን አገር ብቻ አልነበረም። የሆነው ሆኖ ካቶብሌፓስ ከ1977ቱ መጽሐፍ ገብቷል። የጅብ ራስ ይዘው እንደ ሰው የሚሄዱ ኖል የሚባሉም አሉ፤ የቡዳን ወሬ ሰምቶ ያደገ የአገሬ ሰው ቢያያቸው እንግዳ አይሆኑበትም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንሂድ። በ1993 ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ሰው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የተባለ የካርታ ጨዋታ አወጣ፤ አሳታሚው ያው ዊዛርድስ ነው። በአንድ እሽግ 15 ካርታ፦ 11 ተራ፣ 3 መካከለኛ፣ 1 ብርቅ። ሰው ብርቁን ፍለጋ እሽግ በእሽግ ላይ ቀደደ። ኩባንያው ከዚህ ባገኘው አቅም በ1997 የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ባለቤት ቲ ኤስ አርን ጠቀለለ፤ በ1999 ደግሞ እርሱን ራሱን አሻንጉሊት ሠሪው ሃዝብሮ ገዛው። በ2000 ጆርዳን ዋይዝማን ያቋቋመው ዊዝኪድስ «ሜጅ ናይት» የተባለ ጨዋታ ይዞ ቀረበ። የካርታውን ዕጣ ወደ ቅርጽ ያሻገረው ይህ ነው፦ የተቀባ ፕላስቲክ፣ ይዘቱ የማይታወቅ እሽግ። ዊዛርድስ በበኩሉ በዚያው ሰሞን «ቼይንሜል» በሚል ስም ያልተቀባ የብረት ቅርጽ ሞክሮ ነበር፤ ብዙም አልቆየም። ሰው ለካ ቀለም መቀባቱን አይወድም! በ2003 ሃርቢንጀር የመጣው ይህን ሁሉ አይቶ ነው።

እንግዲህ የወሬያችን እምብርት ላይ ደረስን። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ጭራቆች በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንድ ዙር የሚይዘው ከ60 እስከ 80 ብቻ ነው። የትኛው ይግባ? የገባውስ ተራ ይሁን ወይስ ብርቅ?

የዚያን ጊዜው እሽግ ሦስት ጌቶች ነበሩት። የመጀመሪያው አጫዋቹ ነው። እርሱ የሚፈልገው ብዛት ነው፦ አሥር ጎብሊን፣ ስምንት አጽም፣ ስድስት ተኩላ። ጀግኖቹ ዋሻ ሲገቡ የሚከቧቸው እነዚህ ናቸውና። ዘንዶማ ቢበዛ በዓመት አንድ ቀን ቢወጣ ነው። ሁለተኛው ሰብሳቢው ነው፤ ከእያንዳንዱ አንድ ብቻ ይፈልጋል፤ አሥረኛው ጎብሊን ለእርሱ ቆሻሻ ነው። ሦስተኛው ተፋላሚው ነው። ከቅርጾቹ ጋር ካርድ ይመጣል፤ በአንዱ ገጽ ለትረካው የሚሆነው፣ በሌላው ገጽ ሁለት ሰዎች ጦር አሰልፈው የሚገጥሙበት የውጊያ ጨዋታ ቁጥር ተጽፎበታል። ተፋላሚው ለመልኩም ለታሪኩም ግድ የለውም፤ የሚያሸንፍለትን ቅርጽ፣ ሕጉ እስከፈቀደለት ድረስ፣ ደጋግሞ ይፈልጋል።

ለአጫዋቹ ሲባል ሠራዊቱ ተራ፣ አለቃው ብርቅ ይሆናል፤ እዚህ ድረስ ዕጣውና ታሪኩ ይስማማሉ። እንደ ዶሮ ወጥ ነው፤ ፈረሰኛው አንድ ነው፣ ቤተሰቡን የሚያጠግበው ግን መረቁ። ግን ተፋላሚው መጣ። የውጊያው ጨዋታ አራት ወገኖች ነበሩት፤ ሁለቱ የደግ፣ ሁለቱ የክፉ። ሁሉም በየዙሩ አዲስ ቅርጽ ይጠይቃሉ። አጫዋቹ ግን የደጎችን ሠራዊት ምን ያደርገዋል? የእርሱ ጀግኖች ክፉዎችን ነው የሚወጉት። ስለዚህ ጭራቅ ሊገባበት የሚችል ቦታ ለመልአክና ለፈረሰኛ ይሰጣል፤ አጫዋቹም እሽጉን ቀድዶ «ደግሞ ሌላ ቀሲስ!» ብሎ ያማርራል።

ከዚያ የባለቤትነት ጉዳይ አለ። ዊዛርድስ በ2000 የጨዋታውን ሕግ ሌሎች አሳታሚዎችም እንዲጠቀሙበት ሲከፍት ጥቂት ጭራቆችን ለራሱ አስቀረ፦ ባለ ብዙ ዓይኑ ቢሆልደር፣ አንጎል በላተኛው ማይንድ ፍሌየር፣ ሌሎችም። እነዚህን ሌላው መሥራት አይችልምና ባለቤቱ በራሱ እሽግ ውስጥ ደምቀው እንዲታዩለት ይፈልጋል። ኦርክ የሚባለውን ጭራቅ ግን ማንም ይሠራዋል፤ ኦርክ ኦርክ ነው።

ቀጥሎ የሠራተኛው እጅ ይመጣል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀለም ተጨማሪ ወጪ ነው። ተራው በጥቂት ቀለም ይታለፋል፤ ብርቁ ዓይኑ፣ ጥርሱ፣ የካባው ጠርዝ ሁሉ ይቀባለታል። ከዚህ የተነሣ ብርቅ የሆነው ያምራል፤ ያማረውን ደግሞ ሰው የበለጠ ይፈልጋል፤ የተፈለገው ይወደዳል። ቅርጹም ራሱ ይፈርዳል። የቢሆልደር ራስ ላይ አሥር ቀጫጭን የዓይን ዘንጎች አሉ፤ ለስላሳ ፕላስቲክ ተጣምሞ ይወጣል። የጠመመውን ጦር በሙቅ ውኃ ነክሮ፣ አቅንቶ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠንከርን የዚህ ጨዋታ ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል። ትልልቆቹ ደግሞ ቦታ ይፈጃሉ። በ2004 «ጃይንትስ ኦቭ ሌጀንድ» ሲወጣ በየእሽጉ ከ9 ቅርጾች አንዱ ግዙፍ እንዲሆን ተደርጎ ዋጋው ወደ 20 ዶላር ወጣ፤ ግዙፉ ቀይ ዘንዶ ያለው በዚያ ዙር ነው፤ ስንቱን ሰው አስለቅሷል!

ለምን አስለቀሰ? ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በአንድ ዙር 24 ብርቅ ቅርጾች አሉ እንበል። በየእሽጉ አንድ ብርቅ ይወጣል፤ ሁሉም እኩል ዕድል አላቸው። አንድ የቆረጣችሁለት ዘንዶ አለ። 24 እሽግ ብትገዙ ይገኛል ብላችሁ ታስባላችሁ፤ ነገር ግን 24 ቀድዳችሁም ባዶ እጃችሁን የመቅረታችሁ ዕድል ከመቶ 36 ነው። 24ቱንም ብርቅ ላሟላ ያለ ሰው ደግሞ በአማካይ 91 ያህል እሽግ ይቀድዳል። በ10 ዶላር ሒሳብ 910 ዶላር። 91 እሽግ 728 ቅርጽ ነው፤ ግማሹ፣ ማለትም 364ቱ፣ ተራ። ተራዎቹ 16 ዓይነት ቢሆኑ ከእያንዳንዱ 22 ወይም 23 ይደርሰዋል። ሰብሳቢው አንድ ዘንዶ ፍለጋ ወጥቶ የኦርክ ጦር አዛዥ ሆኖ ይመለሳል።

ሰው ግን ብልሃት አያጣም። ባለሱቆችና የኢንተርኔት ነጋዴዎች እሽጉን በካርቶን ገዝተው ራሳቸው ቀደዱት፤ ቅርጾቹንም አንድ በአንድ ዋጋ ጽፈው አወጧቸው። ተራው በሳንቲም፣ ተፈላጊው ብርቅ በአሥር ቤት ዶላር። አጫዋቹ ጎብሊኖቹን በርካሽ አፈሰ፤ ሰብሳቢው የጎደለውን ብቻ ገዛ፤ ተፋላሚው የሚያሸንፍለትን መርጦ ወሰደ። ይህ ሁለተኛ ገበያ የሦስቱን ጌቶች ጠብ አስታረቀ ማለት ይቻላል። ደግሞም አንድ ነገር ገለጠ። ዋጋው ከጭራቁ አስፈሪነት ጋር አይሄድም ነበር። በታሪኩ ውስጥ ነገሥታት የሚንቀጠቀጡለት አንዳንዱ ብርቅ ለውጊያው ጨዋታ ስለማይረባ ርካሽ ሆኖ ተገኘ። ስሙን ማንም የማያስታውሰው ሌላው ቁጥሩ ስላማረ ብቻ ተወደደ።

የእሽጉን እንቆቅልሽ በጣም የሚያበላሸው ግን የማዕረግ ስህተት ነው። በመንጋ የሚያድን ጭራቅ ብርቅ ተብሎ ሲወጣ አጫዋቹ ምን ያድርግ? መጽሐፉ «ስድስት ሆነው ይመጣሉ» ይላል፤ እጁ ላይ ያለው አንድ ነው። በአንጻሩ በአንድ ከተማ አንድ ብቻ ሊኖር የሚገባው ገጸ ባሕርይ ተራ ተብሎ ሲወጣ አራት መንታ ወንድማማቾች ይዞ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ታሪኩ ለዕጣው መታጠፍ ይጀምራል። አጫዋቹ «ዛሬ የማጫውታችሁ ምን ይሁን?» ብሎ ከማሰብ ይልቅ «ሳጥኔ ውስጥ ያለው ማን ነው?» ይላል። ጋይጋክስም ከረጢቱን አይቶ ነበር ታሪኩን የፈጠረው፤ ልዩነቱ እርሱ ያየውን በሳንቲሞች ገዝቶ እንደ ፈቃዱ ስም አወጣለት። የ2003ቱ አጫዋች ግን ስሙም፣ ማዕረጉም፣ ቁጥሩም ተጽፎ ይደርሰዋል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። ዙር በዙር ላይ ወጣ፤ «ድራገንአይ»፣ «አርክፊንድስ»፣ «አንደርዳርክ»፣ «ብለድ ዋር»። በ2008 ጨዋታው አራተኛ ዕትሙን አገኘ። በ2009 ኩባንያው መንገዱን ቀየረ፤ ከእሽጉ አንዱ ቅርጽ ከውጭ እንዲታይ ተደረገ፤ ጀግኖቹም በግልጽ የሚታዩ ሆነው ለብቻቸው ተሸጡ። በጃንዋሪ 2011 የተቀቡት ቅርጾች መቆማቸው ተነገረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓይዞ የተባለው አሳታሚ ከዊዝኪድስ ጋር ሆኖ «ፓዝፋይንደር ባትልስ»ን አወጣ፤ ዕጣው ተመለሰ። ዊዝኪድስ ራሱ በ2008 ተዘግቶ በሌላ ባለቤት እጅ ዳግም የተነሣ ነው። በ2014 ደግሞ ለዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ «አይከንስ ኦቭ ዘ ሬልምስ» የተባለውን ጀመረ፤ በእሽግ 4 ቅርጽ። ዕጣ አይሞትም ብያችኋለሁ።

ነገር ግን ዕጣው ብቻውን አልተመለሰም። በ2012 ቴክሳስ፣ ዴንተን ውስጥ ያለው ሪፐር የተባለ ቅርጽ ሠሪ በኪክስታርተር በኩል ሕዝቡን ገንዘብ ጠየቀ፤ ቅርጾቹ ያልተቀቡ ናቸው፣ ግን ሁሉም ፊት ለፊት ይታያሉ። ከ3.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዋጣለት። ፓይዞም ጭራቆችን በወፍራም ወረቀት አትሞ በመቆሚያ የሚቆሙ አድርጎ በመቶዎች በአንድ ሣጥን ሸጠ። ሰው ዕጣን ይወዳል፤ የሚገዛውን ማየትም ይወዳል። ነጋዴው ሁለቱንም መሸጥ ተማረ። የቪዲዮ ጨዋታ ሠሪዎች ዕጣውን ወደ ስልክና ኮምፒውተር ሲያስገቡት ግን ነገሩ ከረረ፤ በ2018 የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ በገንዘብ የሚገዛውን የጨዋታ ዕጣ ሣጥን ቁማር ነው ብሎ ፈረደ። የፕላስቲኩ ጭራቅ ቢያንስ ሲሸነፉ እጅ ላይ የሚቀር ኦርክ አለው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ። ዘንዶውን ብርቅ ያደረገው ማን ነው? ፋብሪካው አንዱን በብዛት፣ አንዱን በጥቂቱ ሠርቶ «ይህ ብርቅ ነው» ማለት ይችላል። ያ የቁጥር ብርቅነት ነው፤ ገንዘብ ያለው ሰው በግማሽ ቀን ገዝቶ ይጨርሰዋል። አርባ ዶላር የወጣበት ዘንዶ በየሳምንቱ ጠረጴዛ ላይ ከወጣ ጀግኖቹ ይለምዱታል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ «ደግሞ መጣ» ይላሉ። በሳንቲም የተገዛው ጎብሊን ግን አጫዋቹ ስም ሰጥቶት፣ አንድ ጊዜ አምልጦ፣ ሁለተኛ ጊዜ የጀግናውን ፈረስ ሰርቆ፣ ሦስተኛ ጊዜ ምሕረት ከለመነ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ማንም አይሸጠውም። ብርቅነት ተራኪው ቆጥቦ በሰዓቱ የሚያወጣው ነገር ነው፤ ይህን ማንም አሽጎ ሊሸጥለት አይችልም።

ስለዚህ ምክር ከጠየቃችሁኝ ይኸው፦ ጎብሊኖቻችሁን በእሽግ ግዙ፣ ብዛታቸው ይጠቅማችኋል። ዘንዶ ካማራችሁ ዋጋ ከተጻፈበት መደርደሪያ አንዱን አይታችሁ ግዙ እንጂ 24 እሽግ አትቅደዱ። ገዝታችሁ ስታበቁም ቸኩላችሁ አታውጡት። መጀመሪያ የተቃጠለ መንደር አሳዩ፤ ከዚያ ስለ እርሱ የሚያወሩ ሽማግሌዎች ይምጡ፤ ጀግኖቹ ራሳቸው «የት ነው ያለው?» ብለው እስኪጠይቁ ጠብቁ።